ውሃን ማጉደል ለሁሉ መድኃኒት ነውን?

የምድርን አየር የሚያሞቁ ጋዞችን ለመቀነስ ከሚቀርቡት ሐሳቦች መካከል፣ የሩዝን ማሳ እያፈራረቁ ማጠጣትና ማድረቅ የሚለው ዛሬ በእስያ ከፍ ያለ ቦታ ይዟል። የቬትናም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ባጸደቀው ዕቅድ፣ እስከ 2030 ድረስ በሜኮንግ ዴልታ አንድ ሚሊዮን ሄክታር ጥራት ያለውና ጋዙ አነስተኛ የሆነ ሩዝ እንዲለማ ወስኗል። በዚህ አጭር ሐተታ የምንመረምረው ዘዴው እስከ ምን ድረስ እንደሚያገለግል ነው።

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። ማሳው ዘወትር በውሃ ሲሸፈን አየር ወደ ጭቃው አይደርስም፤ ኦክስጅን የማይሹ ጥቃቅን ነፍሳትም ከበሰበሰው ገለባና ሥር ሚቴን ያወጣሉ። ገበሬው ቀዳዳ ያለው ቧንቧ በማሳው ተክሎ፣ ውሃው ከአፈሩ ገጽ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል መልሶ ቢያጠጣ፣ ሚቴኑ ይቀንሳል፤ ውሃም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የመንግሥታት የስሌት መመሪያ መሠረት፣ በአንድ ወቅት ደጋግሞ የሚደርቅ ማሳ የሚያወጣው ሚቴን፣ ዘወትር ከተጥለቀለቀው ማሳ ከመቶ 55 እጅ ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱ በሚቴን ብቻ ካበቃ ጎዶሎ ይሆናል። አፈሩ ሲረጥብና ሲደርቅ ከናይትሮጅን ማዳበሪያው ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ይህም በመቶ ዓመት ሲመዘን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል፤ የሚቴን ግን 27 እጥፍ ገደማ ነው። በአብዛኛው ማሳ ትርፉ ከጉዳቱ ይበልጣል፤ ነገር ግን ማዳበሪያው ሳይለካ ትርፉን መመስከር አይገባም።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ከዚህ ይከብዳል። በዚያው ዴልታ ደቡባዊ ጫፍ፣ በካ ማው፣ የማንግሮቭ ደን አለ። እዚያም ጭቃው በውሃ የተሸፈነ ነው፤ ነገር ግን በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ሰልፌት የሚቴንን መፈጠር ይገታል፤ ጭቃውም የብዙ ዘመን ካርቦን አቅፎ ይኖራል። ደኑ ተመንጥሮ ለሽሪምፕ ኩሬ ሲቆፈር ግን አየር ይገባና የተከማቸው ካርቦን ወደ ሰማይ ይወጣል። ግድብ ባሕሩን ሲከለክልም ውሃው ጨውነቱን እያጣ ሚቴን ይጨምራል፤ በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ ማድረቅ ሳይሆን ባሕሩን መልሶ ማስገባት ነው።

እንግዲህ በማሳው የሚያድነው አየር በረግረጉ ያጠፋል። ለአንዱ ማሳ የተሰጠው ምስጋና ለሌላው ረግረግ ጥፋት መሸፈኛ መሆን የለበትም።

በመጨረሻም ገበሬውን አንርሳ። ማሳው ዝቅ ባለ ቦታ ያለ ሰው፣ የቦዩ ውሃ የጋራ ስለሆነ ብቻውን ሊያደርቅ አይችልም፤ ሩዙ ሲያብብ ውሃ ቢያጣም ምርቱ የሚጎድለው በእርሱ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ መመዘን ያለበት በደረቀው ሄክታር ብዛት ሳይሆን፣ ማዳበሪያው፣ ገለባው፣ ባሕር ዳሩና የገበሬው ጎተራ በአንድነት በተቆጠሩበት ሚዛን ነው።