ከዘፋኙ ጀርባ የቆመው ሰው

በቅርቡ በማታው ክፍል አንድ የ1960ዎቹ የአማርኛ ዘፈን አጫወትንና ተማሪዎቹን «ይህ ዘፈን የማን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ የዘፋኙን ስም ጠሩ። እሺ፣ ዜማውን ማን ሠራው? ዝም። ሳክስፎኑንና ትራምፔቱን ማን አቀናበረው? አሁንም ዝም። እውነቱን ለመናገር እኛ አስተማሪዎቹም ቶሎ የምንመልሰው አልነበረንም። ይህን ልማድ ያስያዘን ሬዲዮ ነው፤ ዘፈኑ ሲያልቅ የሚነገረው የዘፋኙ ስም ነው፣ ከዚያ ዜና ይቀጥላል።

ስለዚህ ለዛሬ ከጀርባ ከቆሙት አንዱን እናንሳ፤ ኔርሲስ ናልባንዲያንን። የአዲስ አበባ ሙዚቀኞች «ሙሴ ኔርሲስ» ይሏቸው ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪካቸው ከስደት ይጀምራል። በ1915 በኦቶማን ግዛት፣ አይንታብ በምትባል ከተማ ከአርመን ቤተሰብ ተወለዱ። ዓመቱ የአርመን ሕዝብ የተፈጀበት ዓመት ነው። ቤተሰቡ ተሰዶ ሶርያ፣ አሌፖ ገባ። አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ግን ቀድመው ኢትዮጵያን አይተዋል። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ለነሐስ ባንድ ብለው ወደ አዲስ አበባ ሲያስመጡ፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ነበሩ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ያን ጊዜ ከባሕር ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ዋናው መንገድ ከዚህ ከጅቡቲ የሚነሳው ባቡር ነበር፤ ሆልሆል ያላችሁ በየቀኑ የምታዩት አሮጌ ሐዲድ ማለት ነው። በ1930 የዘውድ በዓል የተሰማውን፣ እስከ 1975ም የቆየውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠሩት እኚሁ ኬቮርክ ናቸው።

ኔርሲስ አጎታቸውን ተከትለው የመጡት በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን መሩ። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር (የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር) ተከፈተ፤ እዚያም የኦስትሪያውን ፍራንዝ ዘልቬከርን ተክተው ኦርኬስትራውን ያዙ። ዘመኑ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ባንዶች የሚፎካከሩበት ነው። ሸክላ በአገር ውስጥ ገና አልተስፋፋም፤ አምሃ እሸቴ የግል ሸክላ ማሳተሚያውን የጀመረው በ1969 ነው። ከዚያ በፊት አዲስ ዘፈን ወደ ሕዝቡ ጆሮ የሚደርሰው ወይ ከመድረክ ነው፣ ወይ ባንዱ በቀጥታ ተጫውቶ በሬዲዮ ነው። በቀጥታ የተጫወተ ደግሞ ካልተቀረጸ ያልቃል። ከሙሴ ኔርሲስ ሥራ ብዙው የተረፈው በድምፅ ሳይሆን በኖታ ወረቀት የሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ሠሩ? አንዳንድ ሰው «ነሐስ አምጥተው የፈረንጅ አደረጉት» ይላል። እኛ አንስማማም። የእኛ ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። አዝማሪው ሲዘፍን ማሲንቆው ያንኑ ዜማ ይከተለዋል እንጂ ከሥሩ ሌላ ድምፅ አይደረድርም። የአውሮፓው አቀነባበር ግን በሰባት ድምፅ ላይ የተሠራ ነው። ከቅኝቱ ውጭ ያለ ድምፅ ዝም ብለህ ከሥር ካስገባህ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል፤ አንቺሆዬ ደግሞ ጭራሽ አይታወቅም። ማንም ባንድ የያዘ ሰው የሚገጥመው ችግር ይሄ ነው። የሙሴ ኔርሲስ ብልሃት ለእኛ ጆሮ እዚህ ላይ ነው፤ ዜማውን አይነኩትም። ነሐሱ ዘፋኙ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ገብቶ ይመልስለታል፣ ልክ ሠርግ ቤት ተቀባዮች ለአውራጇ እንደሚመልሱት። ይህ ቋንቋውን ሰምቶ የተማረ ሰው ሥራ ነው።

ሁሉም ሰምሯል አንልም። የአሜሪካው ኢዘር ኦርኬስትራ ከኢትዮጵያውያን እንግዶች ጋር ሥራዎቻቸውን ተጫውቶ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 32ኛ ቁጥር ወጥቷል። እዚያ ስንሰማ አንዳንዱ ላይ ነሐሱ ወፈር ይልና መድረክ ላይ ሰልፍ የወጣ ይመስላል፤ ዘፋኙ ወደ ኋላ ይቀራል። ሲሳሳ ነው የሚያምረው። ቢሆንም ያለ እነዚህ ወረቀቶች አሜሪካኖቹ ምን ይዘው ይጫወቱ ነበር?

ሙሴ ኔርሲስ በ1977 አዲስ አበባ አረፉ። የባንዱ መሪ ብቻ አልነበሩም፣ አስተማሪም ነበሩ፤ ኖታ የማያውቅ ልጅ ይዞ ኦርኬስትራ ማቆም ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ሦስት ክፍል የምታስተምሩ ባልደረቦቻችን ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ ያንኑ ዘፈን ደግመን አጫወትን። «አሁን ዘፋኙን ተዉት፣ ነሐሱን ብቻ በአፋችሁ አዚሙ» አልናቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ከኋላ ወንበር አንዱ ጀመረ፣ ሌሎቹ ተከተሉት፤ አንዲት ልጅ ብቻ ዘፋኙን አልተውም ብላ ግጥሙን ቀጠለች፣ ክፍሉ በሙሉ እየተቀበላት።