ከመጽሐፉ የተገነጠለው ሥዕል

ገዳሪፍን በአሮጌ መጽሐፍ ገጽ ላይ ሊፈልጋት የሚነሣ አንባቢ በመጀመሪያ የሚቸገረው በፊደል ነው፤ ሳሙኤል ቤከር «ካታሪፍ» ብሎ ጽፏታልና። ይህ እንግሊዛዊ ተጓዥና አዳኝ በ1861 እና በ1862 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአትባራ፣ በሰቲትና በአንገረብ ዳርቻዎች ያሳለፈውን ዘመን የተረከበት መጽሐፍ በ1867 ለንደን ውስጥ በማክሚላን አሳታሚነት ወጣ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአቢሲኒያ የዓባይ ገባሮችና የሐምራን ዐረቦች ሰይፈኛ አዳኞች» እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው እትም ዛሬ ብርቅዬ መጻሕፍት የሚሸጡ ነጋዴዎች ለሰብሳቢ የሚያቀርቡት ዕቃ ሆኗል፤ ከእንዲህ ያሉ መጻሕፍት የወጡ ሥዕሎችም ለብቻቸው በክፈፍ ገብተው ይሸጣሉ። ክርክሩ የሚነሣው «ለብቻቸው» ከሚለው ቃል ላይ ነው።

አስቀድሞ ስለ ርእሱ። መጽሐፉ ገበያ የወጣው ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ጉዳይ ለንደንን ባስጨነቀበት ዓመት ነበር፤ «አቢሲኒያ» የሚለው ቃል በዚያ ሰሞን ብቻውን መጽሐፍ ያሸጥ ነበር ማለት ይቻላል። ገባሮቹ ከኢትዮጵያ ደጋ ስለሚነሡ ርእሱ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ የታሪኩ አብዛኛው ክፍል የሚፈጸመው ያኔ በግብፅ አገዛዝ ሥር በነበረው፣ ዛሬ የከሰላና የገዳሪፍ ግዛት በሆነው ቆላ ነው። ርእሱን ብቻ አንብቦ የጎንደርን ቤተ መንግሥት የሚጠብቅ ገዥ የሚያገኘው የግራር ጫካና የዝሆን ዱካ ነው።

የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች የወንዙ ገጾች ናቸው። በሰኔ 1861 ቤከር በደረቀው የአትባራ አሸዋ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ በሌሊት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎቹ «ወንዙ! ወንዙ!» እያሉ ይነሣሉ፤ ሲነጋ ትናንት አሸዋ የነበረው ስፍራ ትልቅ ወንዝ ሆኗል። ደራሲው ከዚህ ተነሥቶ የሚደርስበት መደምደሚያ እስከ ዛሬ የጸና ነው፦ ነጭ ዓባይ ወንዙን ዓመቱን ሙሉ ሕያው ያደርገዋል፤ ጎርፉንና ደለሉን የሚያመጡት ግን ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት ጥቁር ዓባይና አትባራ ናቸው። ይህን በስሌት ከመናገሩ በፊት በጆሮ አሰምቶታል፤ ጽሑፉ ካሉት ብቃቶች ዋናው ይኸው ነው።

የሚያሳፍረውም ክፍል ጥቂት አይደለም። የገደለውን አውሬ መቁጠሩ ያሰለቻል፤ ስለ ጥቁር ሕዝብ የሚሰጠው ፍርድ የዘመኑን ንቀት ሁሉ ይዟል። ሌላም አለ። በጋላባት የነበረውን የባሪያ ንግድ ሲያወግዝ፣ «ባለቤቴ» እያለ የሚጠራት ፍሎረንስ እርሷ ራሷ በ1859 ቪዲን ከተባለች የዳኑብ ከተማ፣ ከባሪያ ገበያ ያመጣት ሴት መሆኗን የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ፤ በሕግ የተጋቡትም በ1865 ነው። መጽሐፉ ስለዚህ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ይህን ዝምታ የሚያውቅ አንባቢ የጋላባትን ምዕራፍ እንደ ቀድሞው አያነብበውም።

ሰይፈኞቹ አዳኞች ግን በጽሑፉ ውስጥ ስም አላቸው። ጣሂር አለ፤ አቡ ዶ አለ፤ አንድ እጁ የሰለለው ሮደርም አለ፤ በፈረስ ከዝሆኑ ፊት እየጋለበ ራሱን ማባበያ የሚያደርገው እርሱ ነው። ጓዶቹ ከኋላ ደርሰው፣ አንዱ ከፈረሱ ዘልሎ በሁለት እጁ በያዘው ሰይፍ የዝሆኑን የኋላ እግር ጅማት ይቆርጣል። ቤከር ሌላውን ሰው ቢንቅም ለእነዚህ አዳኞች ያለውን አድናቆት አይደብቅም።

እንግዲህ ነጋዴው የሚያደርገውን ልብ ይሏል። ጥራዙ የላላ ወይም ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ሲያገኝ፣ ሥዕሎቹን ገንጥሎ አንድ በአንድ መሸጡ ሙሉውን ከመሸጥ የበለጠ ሊያተርፈው ይችላል። ሥዕሉ በክፈፍ ሲገባ የሚቀረው ከግርጌው ያለው አጭር መግለጫ ብቻ ነው፤ ስማቸው፣ የሮደር የሰለለ እጅ፣ የቀኑ ድካም ሁሉ ከተጣለው ገጽ ጋር ይሄዳል። ሰዎቹ «ዐረብ አዳኞች» ሆነው ይቀራሉ። በዚያ ላይ ቀለም ይጨመራል። በእንጨት ላይ ተቀርጸው ከፊደል ጋር በአንድ ማተሚያ የታተሙ የዚያ ዘመን ሥዕሎች በአብዛኛው በጥቁር ቀለም ብቻ የወጡ ናቸው፤ ስለዚህ አረንጓዴና ቀይ የተቀባ ቅጠል ሲቀርብ፣ ቀለሙ በኋላ ዘመን የተጨመረ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

የስም መምታታትም አለ። በ1885 የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጦች ደጋግመው ያወጧት መተማ በሸንዲ አንጻር በዓባይ ዳር ያለችው ናት፤ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1889 የወደቁባት የጋላባቷ መተማ አይደለችም። ዓመቱን ሳያይ በስሙ ብቻ የሚገዛ ኢትዮጵያዊ የሌላ ጦርነት ሥዕል ግድግዳው ላይ ሊሰቅል ይችላል።

ስለ ዐፄ ዮሐንስ መጨረሻ በኦምዱርማን የተሰማውን የጻፉት ሁለቱ ምርኮኞች፣ ኦርቫልደር (1892) እና ስላቲን (1896)፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ «የዓይን ምስክር» እየተባሉ ይፈለጋሉ። ሆኖም ሁለቱም በእንግሊዝኛ የቀረቡት በግብፅ ጦር የስለላ ክፍል ኃላፊ በነበረው በዊንጌት ብዕር አልፈው ነው። ተርጓሚው የጦርነት ዝግጅት የያዘ መኮንን በሆነበት መጽሐፍ የምስክሩ ድምፅ የት አብቅቶ የመኮንኑ የት እንደሚጀምር መለየት ቀላል አይደለም። የስላቲን መጽሐፍ ሥዕሎች ደግሞ የሠዓሊው የታልቦት ኬሊ ናቸው፤ ምርኮኛው በዓይኑ ያየውን ሠዓሊው በሐሳቡ ሣለው።

በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት በዚያው ዓመት ተቃጥሏል። ስለ አገሩ የተጻፈውን በአገሩ ውስጥ፣ ሳይገነጠል፣ ማንበብ ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ከብዷል። የቤከር ሙሉ ጽሑፍ ግን የባለቤትነት መብቱ ዘመን ስላለፈ በኮምፒዩተር ያለ ዋጋ ይነበባል። ሥዕሉን በክፈፍ የገዛ ሰው የሮደርን ምዕራፍ ከዚያ አትሞ ከሥዕሉ ጀርባ ሊያስቀምጠው ይችላል።