ሲያጌጡ ይመላለጡ

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አምስት ልጆች ያሳደገችው በአንዲት ሲንጀር የስፌት መኪና ነው። እሷ ካለፈች በኋላ መኪናዋ ጓዳ ውስጥ ጨርቅ ለብሳ ስትኖር፣ አንድ ቀን መዘውሯን ላዞር ብሞክር አልነቃነቅ አለችኝ። ተሸክሜ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኳትና «አደራ፣ አዲስ አድርግልኝ» አልኩት። በሳምንቱ ስመለስ ሰውየው በኩራት «ጋሼ፣ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣች አትመስልም?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጥቁር ስፕሬይ ተነፍቶባት እንደ ሙሽራ መኪና ታብለጨልጫለች። ከፍዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

የደነገጥኩት ቤት ገብቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣት ነው። በወርቅማ ቀለም የተጻፈው ስሟ የለም። የተቀረጸው መለያ ቁጥሯ በስቱኮ ተደፍኗል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትገፋ መዳፏ ያሳሳው፣ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ የወጣበት ቦታ የለም።

እንግዲህ በጠጋኙ አትፍረዱ። የታዘዘውን ነው የሠራው። ጥፋቱ የኔ ነው። የኔም ብቻ አይደለም፤ አሮጌ ነገር የሚያሳፍረን፣ «አዲስ» ማለት «ደህና» ማለት የሚመስለን የሁላችንም ነው።

ዕድሜውን በበረንዳ ላይ ሲሰፋ የኖረ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ። መኪናዋ ለካስ አልታመመችም። ዘይቷ ደርቆ እንደ ሙጫ ይዟት ነው። መድኃኒቱ ነጭ ጋዝ በየመገጣጠሚያው ጠብ እያደረጉ ማሳደር፣ ቆሻሻውን መጥረግ፣ ከዚያ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት መስጠት ነው። የብርጭቆ ወረቀት ምን ሊሠራ? እነዚያ ወርቃማ ሥዕሎች ሼላክ የሚባል ስስ መስተዋት መሳይ ቅብ ነው የሚጠብቃቸው። አልኮል የነካው ጨርቅ እንኳ ቅቡን ያሟሟዋል፤ የሚበቃው ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ዘይት ነው። ያ የተደፈነው ቁጥርም ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። መኪናዋ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ፋብሪካ እንደተሠራች የሚመሰክር የልደት ወረቀቷ ነው። ስኮትላንድ ክላይድባንክ የነበረው ታላቁ የሲንጀር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል፤ ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ ይናገራል።

«ታዲያ አሮጌ መኪና ጨርሶ አይነካ ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። የማይሰፋ ሲንጀር የቤት ጌጥ እንጂ መኪና አይደለም። ገበሬያችን ይህን ከማናችንም በላይ ያውቃል። ማረሻው ሲያልቅ ይለውጣል፣ ሞፈሩ ሲሰበር ሌላ ይጠርባል፤ ግን «የአባቴ ነው» ይላል፤ ልክም ነው። መርፌ፣ የቆዳ ቺንጋ፣ ጎማ፣ እነዚህን ሠሪው ራሱ እያለቁ እንዲለወጡ ነው የሠራቸው። እነሱን መለወጥ ታሪክ ማጥፋት አይሆንም፤ ሥራውን ማስቀጠል ነው። ክርክሩ የሚመጣው ለሥራዋ ምንም የማይጠቅመውን ስንነካ ነው።

ፈረንጆቹም በዚህ ተጨቃጭቀዋል። ፍላይንግ ስኮትስማን የምትባለው የእንግሊዞች የእንፋሎት ባቡር የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ዮርክ ያለው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም በ2004 ገዛት፤ ከ2006 እስከ 2016 በቆየው ጥገና 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣባት። ከብረቷ ብዙው በየዘመኑ የተለወጠ ነው። በዚህ ላይ የቀለሟ ነገር መጣ። ብዙ ሰው የወጣትነቷን ደማቅ አረንጓዴ ይወዳል፤ ጭስ ማውጫዋና ሌላው አካሏ ግን በ1960ዎቹ የጡረታዋ ዋዜማ የነበራት ዓይነት ነው። ስለዚህ የዚያኑ ዘመን ጠቆር ያለ አረንጓዴ ተቀባች። ቢያንስ «ወደ የትኛው ዕድሜዋ እንመልሳት?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ አልጠየቅኩም። መኪናዋን ወደ ፋብሪካው መለስኳት፤ ፋብሪካው የኛ ቤት አልነበረም፤ እናቴ ነበረች የኛ ቤት።

ነገሩ ከኔ ጓዳ ያልፋል። ባቡር ድሬዳዋ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1902 ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚያ ባለው የአሮጌው ባቡር ጥገና ግቢ፣ ትውልድ የተፈራረቀባቸው ቶርኖዎች አሉ። አንድ ቀን በጀት ይዞ የሚመጣ ባለሥልጣን «ለጎብኚ እንዲያምሩ» ብሎ የቀለም ቆርቆሮ እንዳያስከፍት እሰጋለሁ። መዝጊያ ላይ በሚስማር የተጫረ የሠራተኛ ስም፣ ዕቃ ሲጠፋ በእጅ የተቀጠቀጠ ምትክ ብሎን፣ ለነዚህ ማሽኖች ከፋብሪካ ስማቸው አይተናነስም።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ለሥራዋ የሚያስፈልገውን ጠግኑ፤ ዝገት የሚበላትንም አስቁሙ። የወጣውን ዕቃ አትጣሉት፤ ቀኑን ጽፋችሁ በከረጢት አኑሩት። ቀለም በኋላም ይቀባል፤ የተፋቀ ግን አይመለስም።

የእናቴ መኪና አሁን ትሰፋለች፤ ልጄ ናት የምትሰፋባት። በቀደም «አያቴ እጇን የምታሳርፈው የት ላይ ነበር?» አለችኝ። በግምት አሳየኋት። ጣቴ ያረፈው ስፕሬዩ ላይ ነው።