ተኝቶ የሚነሳ ምሰሶ

ስኮሬግ በስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ወደ ባሕር የገባች ምድር ናት። የመኪና መንገድ አይደርስባትም፤ የሚገባው በጀልባ ወይም በእግር ነው። የመብራት መስመርም የላትም። ሂው ፒጎት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያ እየኖረ ከእንጨት የተጠረበ ክንፍ ያላቸውን የንፋስ ተርባይኖች በእጁ ሠርቷል፣ ለሌሎችም አስተምሯል። ሰው ክንፎቹን ያደንቃል፤ ያምራሉም። እኔን የሚማርከኝ ግን የሚሸከማቸው ነው፦ ክሬን በማይገባበት ቦታ ጥቂት ሰዎች በእጅ ዊንች የሚያቆሙትና የሚያስተኙት የብረት ቧንቧ።

ከፍታው የግድ ነው፤ ከመሬት በራቁ ቁጥር ንፋሱ ይፈጥናልና። የንፋስ ፍጥነት 20 በመቶ ሲጨምር በውስጡ ያለው ኃይል ወደ 1.7 እጥፍ ያድጋል። ማሽኑ ደግሞ ግሪስና ፍተሻ ይፈልጋል። ስለዚህ ቧንቧው ከሥሩ በማጠፊያ ተይዞ በአራት አቅጣጫ መሬት ላይ ከተተከሉ ችካሎች ጋር በሽቦ ገመድ ይወጠራል።

የባለሙያው እጅ የሚለየው ገና መሬቱ ሳይቆፈር ነው። የግራና የቀኝ ችካሎች ከማጠፊያው ብሎን ጋር በአንድ መስመርና በአንድ ከፍታ ከዋሉ፣ ምሰሶው ቢቆምም ቢተኛም የጎን ገመዶቹ አይከሩም፣ አይረግቡም። አንዱ ችካል ከማጠፊያው ከፍ ካለ፣ ምሰሶው በወረደ ቁጥር ያ ገመድ እየከረረ ቧንቧውን ያጎብጠዋል። ዝቅ ካለ ይረግባል፤ ምሰሶውም ወደ ጎን ይዋልላል። ሜዳ የሚመስል መሬት ሁሉ ሜዳ አይደለምና፣ ጥሩ ሠሪ በዓይኑ አይታመንም፤ ክር ወጥሮ በውሃ ልክ ያየዋል።

ቀጥሎ ክንዱ አለ። ይህ ከምሰሶው ሥር በ90 ዲግሪ የሚወጣ አጭር ቧንቧ ነው። ምሰሶው ሲተኛ እሱ ይቆማል፤ ምሰሶው ሲቆም እሱ ይተኛል። ዊንቹ የሚስበው የክንዱን ጫፍ ነው። ክንዱ ባይኖር ገመዱ ከተኛው ቧንቧ ጋር ትይዩ ሆኖ ቧንቧውን ወደ ማጠፊያው ይገፋዋል እንጂ አያነሳውም። የ12 ሜትር ምሰሶ ጫፍ ላይ 50 ኪሎ ማሽን ቢኖር፣ የ4 ሜትር ክንድ ጫፍ ላይ ቢያንስ 150 ኪሎ ስበት ያስፈልጋል፤ የቧንቧው ክብደት ሳይቆጠር። ከባዱ ሰዓት ምሰሶው ከመሬት የሚላቀቅበት ነው። እየተነሳ ሲሄድ ይቀላል፤ ሊቆም ሲል ደግሞ ዊንቹ ምንም የማይስብ ይመስላል። ያኔ የኋላው ገመድ ርዝመት ቀድሞ ካልተለካ ምሰሶው አልፎ በዊንቹ በኩል ይወድቃል።

አንድ ነገር ሳላይ አላልፍም፦ የገመዱን ማሰሪያ። ጥርስ ያለው መቀመጫ ሸክም በያዘው ረጅሙ ገመድ ላይ፣ የታጠፈው ብሎን ደግሞ በአጭሩ ጫፍ ላይ መሆን አለበት። ሲገለበጥ ብሎኑ ሸክም የያዘውን ገመድ ይጨፈልቀዋል። ትክክል ከታሰረም በኋላ ገመዱ ሸክም ሲይዝ ስለሚቀጥን ዳዶዎቹ እንደገና ይጠብቃሉ። ከታች ያለው መወጠሪያም በንዝረት እንዳይፈታ በቀጭን ሽቦ ይቆለፋል። ይህን ሁሉ ያሟላ ምሰሶ ሳይ ሠሪውን ባላውቀውም አከብረዋለሁ።

ሲወርድ መጀመሪያ ከተርባይኑ የሚመጡት ሦስት ሽቦዎች እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ይህ ክንፎቹን እንደ ፍሬን ይይዛቸዋል። ከዚያ አንድ ሰው የኋላውን ገመድ ይስባል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ በራሱ መውረድ አይጀምርምና። ጫፉ የሚያርፍበት የእንጨት ድጋፍ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ክንፎቹ መሬት እንዳይነኩ፣ የሚጠግነውም ሰው ሳይጎነበስ ቆሞ እንዲሠራ ከፍታው ተለክቷል።