«ጥቁር አፈር» የትኛው ነው?
በአፈር ካርታ ስያሜዎች አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ መንዝ፣ ስለ ግሼና ስለ መርሐቤቴ መሬት የተጻፉትን ጥናቶች ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚን አስቀድሞ የሚፈትነው የካርታው መግለጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ረዳትነት ለኢትዮጵያ የተዘጋጀው የመልክዐ ምድርና የአፈር ካርታ፣ መስፈርቱ 1፡1,000,000 ሲሆን፣ ስያሜዎቹን የወሰደው ድርጅቱ ከዩኔስኮ ጋር በ1974 ካወጣው የዓለም የአፈር ካርታ መግለጫ ነው። ቨርቲሶል፣ ሊቶሶል፣ አንዶሶል የሚሉት ስሞች ለገበሬው ቀርቶ ለወረዳው የግብርና ባለሙያም ባዕድ ናቸው። ስለዚህ ቨርቲሶልን «ጥቁር አፈር» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ይህ ልማድ መታረም አለበት እላለሁ።

በዚህ ደጋ ጥቁሩ አፈር አንድ ብቻ አይደለም። በሜዳው ላይ ያለው መረሬ በክረምት ውሃ ይዞ ይጨቀያል፣ ከማረሻ ይጣበቃል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ቨርቲሶል የተባለው ይህ ነው፤ ስሙም የወጣው «መገልበጥ» ከሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ የላዩ አፈር በስንጥቁ ወደ ታች እየገባ ስለሚገለባበጥ። ከመንዝ በስተደቡብ በአንዲት ጥድ፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር በተካሄደበት ተፋሰስ ግን፣ በከፍታው ላይ የሚገኘው አንዶሶል ነው። እርሱም ጥቁር ነው፤ ነገር ግን ልልና ቀላል ነው፣ ውሃ ያሰርጋል፣ ፎስፎረስን አጥብቆ ስለሚይዝ ለሰብሉ በቀላሉ አይለቅም።

ለመረሬ የሚበጀው ውሃውን ማጠንፈፍ ነው። ከመርሐቤቴ በጀማ ማዶ ያሉት የእነዋሪ ገበሬዎች ሰፋፊ መደብና ቦይ በእጃቸው ሲሠሩ የኖሩት ለዚህ ነው። «ጥቁር አፈር» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ይህንኑ ምክር ተዳፋት ላይ ወዳለው አንዶሶል የሚወስድ ባለሙያ ቦዩን የጎርፍ መንገድ ያደርገዋል። የሚገርመው ደግሞ «አንዶ» በጃፓንኛ ጥቁር አፈር ማለት መሆኑ ነው። የሩሲያ ገበሬዎች ቃል የነበረው ቸርኖዜምም ትርጉሙ ጥቁር ምድር ነው። ስለ ቀለም በስሙ አንዳች የማይናገረው ቨርቲሶል ብቻውን «ጥቁር አፈር» መባሉ እንግዲህ በቃል ፍችም የሚደገፍ አይደለም።

እንግዲያስ በቨርቲሶል ፋንታ መረሬን፣ በሊቶሶል ፋንታ ጭንጫን ብናስገባ ይበቃልን? አይመስለኝም። ሊቶሶል ከዐለት ላይ ያረፈ ስስ አፈር ነው፤ በ1988 በተሻሻለው መግለጫ ስሙ ተለውጦ ሌፕቶሶል ሆኗል። ጭንጫ ግን ድንጋይ የበዛበት መሬት ነው፤ ከድንጋዩ በታች ጥልቅ አፈር ሊኖርም ይችላል። አረዳ ደግሞ ይብስ ያስቸግራል። አረዳ በቤት ዙሪያ አመድና ፍግ ሲጣልበት ኖሮ የጠቆረና የለማ መሬት ነው፤ ስሙ የቦታውን ታሪክ ይናገራል። 1 ሚሊ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር በሚሆንበት ካርታ ላይ አረዳ ሊታይ አይችልም፤ በ1፡50,000 ካርታ እንኳ 1 ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ነው፤ የአንድ ሰው ጓሮም በዚያች ነጥብ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ካርታው ያላሳየውን ቃሉ ይዞታል። (በነገራችን ላይ፣ አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ ተመጣጥነው የሚገኙበትን አፈር ሎም የሚሉትን፣ ለድምፁ መመሳሰል ብሎ «ለም» ማለትም ከዚሁ ዓይነት ስሕተት ይቆጠራል። ለምነት ሌላ፣ የቅንጣቱ ድርሻ ሌላ።)

የአገር ቃል የሳይንስ ስያሜ መሆን አይችልም ማለቴ አይደለም። ሐንስ ሁርኒ በ1986 ለልማት ሠራተኞች ባዘጋጁት የአፈር ጥበቃ መመሪያ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ የከፍታ ክልል መጠሪያ ሆነው ገብተዋል። ውርጭም ከ3200 ሜትር በላይ ላለው አገር ስም ሆኗል። ነገር ግን የመንዝ ገበሬ «ውርጭ መታው» ሲል ስለ ገብሱ እንጂ ስለ ከፍታው አይናገርም። ቃሉ ወደ ካርታ ሲገባ አንድ ፍች ጨምሯል፤ ሁለቱም በመዝገበ ቃላት ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት የንጥረ ነገር እጥረትን በካርታ እያሳየ ለማዳበሪያ ምክር መሠረት ሆኗል። ስያሜው አሁን በቀጥታ ገበሬው ማሳ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ የዓለም አቀፉ ስም በፊደላችን እንዳለ ይጻፍ፤ ከጎኑ የአካባቢው ስም ከነአገሩ ይስፈር፤ በሁለቱ መካከል ግን የእኩልነት ምልክት አይደረግ። ለምሳሌ፦ «ቨርቲሶል፤ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚያብጥና የሚጣበቅ ሸክላማ አፈር፤ በሰሜን ሸዋ አብዛኛውን ጊዜ መረሬ የሚባለው»። በዚህ ፍች ውስጥ ቀለሙን የማንሣት ግድ የለብንም።