የኮዳይ ሕግና ከሌላ አገር የመጣ ሕፃን

የሀንጋሪው የሙዚቃ ሊቅ ዞልታን ኮዳይ (1882–1967 እ.ኤ.አ.) ለሕፃናት ትምህርት ያቆመው ሕግ በአጭሩ ይህ ነው፤ ልጅ ማንበብን በሚናገረው ቋንቋ እንደሚጀምር ሁሉ፣ ሙዚቃንም ከእናቱና ከአገሩ ሕዝብ በሰማው ዘፈን ይጀምር፤ መሣሪያ ከመጨበጡም በፊት በገዛ ድምፁ ይዝፈን። ኮዳይ ይህን ያለው በግምት አልነበረም። ከቤላ ባርቶክ ጋር በየገጠሩ እየዞረ የገበሬውን ዘፈን ሰብስቧል፤ በ1950 እ.ኤ.አ.ም በትውልድ ከተማው በኬችኬሜት ዘፈን በየቀኑ የሚሰጥበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፍቷል።

የሕጉ መልካምነት ግልጽ ነው። ጉሮሮ በገንዘብ አይገዛም፤ ስለዚህ የድሀውና የሀብታሙ ልጅ እኩል ይጀምራሉ። ትምህርቱ ከአምስት ድምፅ ዜማ መነሣቱም፣ ትዝታንና ባቲን ሲሰማ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ነገር ግን ሕጉ ሳይናገረው የተመረኰዘበት አንድ አሳብ አለ፤ ይኸውም በአንድ ክፍል የተቀመጡ ልጆች ሁሉ የእናታቸው ቋንቋ አንድ ነው የሚለው ነው። ምዕራብ ጀርመን በ1955 እ.ኤ.አ. ከኢጣሊያ፣ በ1961 ደግሞ ከቱርክ ጋር ሠራተኛ ለማስመጣት ከተዋዋለች በኋላ፣ የሠራተኞቹ ልጆች ከአገሬው ልጆች ጋር በአንድ ወንበር ተቀመጡ። እንግዲህ «የእናት ዘፈን» ሲባል የማን እናት? መምህሩ የአገሬውን ዘፈን ብቻ ቢያስተምር፣ ለአገሬው ልጅ ሕጉን ሲፈጽም ለእንግዳው ልጅ ያንኑ ሕግ ያፈርሳል።

ለዚህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የአገሬውን ዘፈን ወደ ልጁ ቋንቋ መተርጐም ነው። ይህ ቀና ይመስላል እንጂ ቃልን ከዜማ ያጣላል። በእኛ ቋንቋ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። ዜማው ለሌላ ቋንቋ የተሠራ ከሆነ የሚጠብቀውን ሊያላላ ይችላል፤ ፊደላችንም መጥበቅን ስለማያሳይ ቋንቋውን የማያውቅ መምህር ስሕተቱን ከወረቀት አያገኘውም። በቻይንኛና በዮሩባማ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ራሱ ትርጉም ይለያል።

ሁለተኛው መልስ በዓመት አንድ ቀን የየአገሩን ልብስና ዘፈን ማሳየት ነው። ይህ ልጁን እንግዳ አድርጎ ያቀርበዋል፤ በማግሥቱም ዝም ይላል። ሦስተኛው መሣሪያ መስጠት ነው። በጀርመን የሩር አውራጃ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተስፋፋው «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መሣሪያ» በተባለው ሥራ የቱርኮች ባላማ ከሚመረጡት መሣሪያዎች አንዱ ሆኗል። ይህ ክብር ነው፤ ሆኖም ክር ቃል አይናገርም፤ የልጁ አንደበት አሁንም በር ላይ ቆሟል።

በበኩሌ የምደግፈው ከዚህ ያነሰና የዘወትር የሆነ ነገር ነው። በክፍሉ ካሉት ቋንቋዎች ከየአንዳንዱ አንድ አጭር ዘፈን፣ የሰላምታ ወይም የመቍጠሪያ ወይም የእሹሩሩ፣ ይወሰድ፤ እናት ወይም አያት ታስተምረው፤ ልጆች ሁሉ ይዘፍኑት፤ መምህሩም ከልጆቹ ጋር ይማረው። እናቶች ማልደው ለሥራ ስለሚወጡ መምጣት አይችሉም ቢባል፣ ድምፃቸውን በስልክ መቅዳት ይቻላል። ቋንቋው ዐሥር ቢሆንስ? ዐሥር አጫጭር ዘፈን ለአንድ ዓመት አይበዛም። ደግሞም የአገሬው ቋንቋ ዘፈን ይቀነስ አልልም፤ ልጁ ያ ቋንቋ ያስፈልገዋልና፣ አንድን ቃል መቶ ጊዜ ሳያፍር የሚደጋግመው በዘፈን ነው። ብቻውን ቆሞ ይዝፈን ተብሎ ግን አይገደድ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርት ፖሊሲያችን ልጅ አንደኛ ደረጃን በብሔረሰቡ ቋንቋ እንዲማር ፈቅዷል። ሆኖም ወላጆቻቸው ከየክፍለ ሀገሩ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ልጆች ኦሮምኛ፣ ጉራግኛና ወላይትኛ ከቤታቸው ይዘው በአንድ ክፍል ሲቀመጡ፣ ፖሊሲው ብቻውን መልስ አይሆንም።

ስለዚህ የኮዳይ ሕግ ይሻር አንልም፤ በብዙ ቍጥር ይነበብ እንላለን። ዝም ብሎ የተቀመጠውን ልጅ ዜማ የማያውቅ የሚያደርገው መምህር፣ አስቀድሞ በልጁ ቤት ምን እንደሚዘፈን ጠይቆ እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር።