ሹመትና መጽሐፍ፤ ስለ ሴሎኑ ሙዳልያር ጉኔራትኔ ሥራ የቀረበ ሂስ

ኤድመንድ ሮላንድ ጉኔራትኔ (1845–1914) በሴሎን ደሴት፣ ማለት በዛሬይቱ ስሪ ላንካ፣ በጋል ከተማ የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ነበረ፤ የቡድሃ ሃይማኖት መጻሕፍትንም ለማሳተም ብዙ ደክሟል። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲነሡ አንዱ ወገን ሃይማኖትን ከሞት ያስነሡ ጀግኖች ናቸው ይላል፤ ሌላው ደግሞ የባዕድ መንግሥት ደመወዝ እየበሉ ለአገር ሃይማኖት መቆርቆር በሁለት ቢላዋ መብላት ነው ይላል። እኛ ግን ከሁለቱም አስቀድመን መጽሐፎቹን መመርመር እንወዳለን።

ሙዳልያር የሚባለው ሹመት ከፖርቱጋሎችና ከደቾች ዘመን ለእንግሊዞች የተላለፈ ነው። ሙዳልያሩ የገዢውን ትእዛዝ ለሕዝቡ፣ የሕዝቡን አቤቱታ ለገዢው የሚያደርስ፣ ጸጥታም የሚያስከብር የአገር ተወላጅ ነበረ። በደቾች ዘመን ሹመት የፈለገ ሰው ክርስትና መነሣት ነበረበት፤ ስለዚህ በመዝገብ ክርስቲያን፣ በልቡ የቡድሃ ተከታይ ሆኖ መኖር በደሴቲቱ የታወቀ ነገር ሆኖ ቆይቷል። ኤድመንድና ሮላንድ የሚሉት ስሞችም ራሳቸው የዚያ ታሪክ ምልክት ናቸው።

በ1873 መነኩሴው ሞሆቲዋቴ ጉናናንዳ በፓናዱራ ከክርስቲያን ሰባኪዎች ጋር በሕዝብ ፊት ተከራከረ። በ1880 ኮሎኔል ኦልኮትና ወይዘሮ ብላቫትስኪ ጋል ላይ ከመርከብ ወርደው የቡድሃን ሃይማኖት በአደባባይ ተቀበሉ። እነዚህ ሁሉ ብዙ የተባለላቸው ናቸው። የጉኔራትኔ ሥራ ግን ዝምተኛ ነበረ።

ቀድሞ በሴሎን የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ የነበረው ራይስ ዴቪድስ በ1881 በሎንዶን የፓሊ መጻሕፍት ማኅበርን አቋቋመ፤ ፓሊ የደሴቲቱ መነኮሳት ቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፉበት ቋንቋ ነው። የማኅበሩ የሴሎን የክብር ጸሐፊ ጉኔራትኔ ሆነ፤ ብዙ የደሴቲቱ መነኮሳትም ገንዘብ ከፍለው በአባልነት ተመዘገቡ። የገዳም መነኩሴ አይቶት ለማያውቀው የሎንዶን ማኅበር ስለ ምን ገንዘብ ያወጣል? በእኛ አስተያየት መነኮሳቱ ያመኑት ማኅበሩን ሳይሆን ሙዳልያሩን ነው። ተቺዎች የሚነቅፉት ሹመት እንግዲህ በሩን የከፈተው ቁልፍ ነበረ። ይሁን እንጂ ሙዳልያር የጠየቀውን እንቢ ማለት ለመንደር መነኩሴ ቀላል አይደለምና፣ ሁሉም በገዛ ፈቃዱ ሰጠ ብለን አንምልም።

ጉኔራትኔ ካሳተማቸው መጻሕፍት መካከል ስለ ሰማያዊ መኖሪያዎች 85 ታሪኮችን የያዘው ቪማናቫቱ (1886)፣ ለቡድሃ የቀረበ የምስጋና ግጥም የሆነው ፓጃማዱ (1887)፣ ከሰባቱ የአቢዳማ መጻሕፍት ሦስተኛው ዳቱካታ (1892) ይገኛሉ። እኛን ይበልጥ የያዘን ግን በ1884 በማኅበሩ መጽሔት የወጣው ቴላካታሃጋታ፣ ማለት የዘይት ጋኑ ግጥም ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የኬላኒያ ንጉሥ ለንግሥቲቱ የተጻፈ የምስጢር ደብዳቤ ያገኛል፤ የእጅ ጽሑፉ የአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ስለ መሰለው በፈላ ዘይት እንዲጣል ይፈርድበታል። ደብዳቤውን የጻፈው ግን ከመነኩሴው ጽሕፈት የተማረው የንጉሡ ወንድም ነበረ። ሽማግሌው ጋኑ ውስጥ ሆኖ ተናገራቸው የሚባሉት 98 የግጥም አንቀጾች ስለ ሞትና ስለ ዓለም ኃላፊነት ይናገራሉ እንጂ ንጉሡን አይወቅሱም። ውሎው ከደብዳቤና ከማኅተም ጋር የሆነ ሹም ይህን ግጥም መምረጡ ያስገርማል። ምን አስቦ መረጠው ብሎ መተርጎም ግን ከሂስ አልፎ ጥንቆላ ይሆናል።

የምንነቅፈው ነገር አለ። እነዚህ መጻሕፍት የታተሙት በላቲን ፊደል ነው፤ በሲንሃላ ፊደል ማንበብ የለመደው ገበሬና ነጋዴ አይከፍታቸውም። በ1913 በጋል ያሳተመው የአንጉታራ ኒካያ ትርጉምም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በእንግሊዝኛ የያዘ ነው። በጋል ከተማ እንግሊዝኛ የሚያነብ ማን ነበረ? የሹማምንቱ ልጆች፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ፓሊ የማያውቁ። ስለዚህ «ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መለሰ» የሚለውን ውዳሴ አንቀበለውም፤ ለገዛ ወገኖቹ፣ ሹመት ከአባቶቻቸው መጽሐፍ ለለያቸው ሰዎች ነው የመለሰው። ይህም ቢሆን ትንሽ ሥራ አይደለም፤ ገንዘቡም የፍርድ ወንበሩም በእነርሱ እጅ ነበረና።

ከትርጉሙ በኋላ አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ ሞተ። ከ1903 እስከ 1919 በዚያው በጋል የማሂንዳ ኮሌጅ ርእሰ መምህር የነበረው እንግሊዛዊው ዉድዋርድ እነዚያኑ ሦስት ክፍሎች እንደ ገና ተርጉሞ በ1932 በማኅበሩ ስም አወጣቸው። በ2012 ደግሞ የቢኩ ቦዲ ሙሉ ትርጉም ታተመ። ተማሪው ዛሬ የሚጠቅሰው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ የ1913ቱን የጋል እትም የሚፈልግ ጥቂት ነው።